ቦርጭ የሆድ ጉዳይ ብቻ ነውን? ሰፈራችን በክብደታችንና በጤናችን ላይ ያለው ድርሻ



ስለ ውፍረት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምንናገረው ስለ ግለሰቡ ነው። «አፉን አይቆጣጠርም»፣ «ሰነፍ ናት፣ አትንቀሳቀስም» እንላለን። አንዳንዴ ደግሞ በተቃራኒው ውፍረትን የምቾት ምልክት አድርገን «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» እያልን እናሞግሳለን። ሁለቱም አነጋገሮች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ሰው የሚበላውም፣ የሚራመደውም፣ የሚተኛውም በሚኖርበት ሰፈር ውስጥ ነው። በሩ ላይ ያለው ሱቅ ምን ይሸጣል? ከቤት ወጥቶ በሰላም የሚራመድበት መንገድ አለ? ሥራው ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ልጆቹ የሚሮጡበት ሜዳ የት ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከዓመት ዓመት እየተጠራቀመ መጨረሻ ላይ ሚዛን ላይ ይታያል።

በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ላይ ተመርኩዘን እንመለከታለን። አቃቂ ቃሊቲን የመረጥነው ፋብሪካውና መጋዘኑ፣ ከባድ መኪና የሚመላለስበት አውራ ጎዳና፣ የቆየው ሰፈርና አዲሱ ኮንዶሚኒየም፣ የከተማው ዳርቻና የገበሬው ማሳ ጎን ለጎን የሚገኙበት አካባቢ ስለሆነ ነው። ነገሩ ግን የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ በየካም፣ በኮልፌም፣ በደሴም ሆነ በጅማ ያለ አንባቢ የራሱን ሰፈር እያሰበ ሊያነበው ይችላል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት የአዋቂ ሰው ክብደት ከቁመቱ ጋር መመጣጠኑን ለማወቅ ቀላል ስሌት ይጠቀማል። ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 70 ኪሎ የሆነች እህት 70ን ለ1.60፣ ያገኘችውንም እንደገና ለ1.60 ስታካፍል 27.3 ይመጣል። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ የክብደት ማነስ፣ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የጤና ችግር የሆነ ውፍረት ይባላል። የወገብ ዙሪያን በሜትር መለካትም ጠቃሚ ነው። ሴቶች 80፣ ወንዶች 94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፉ አደጋው መጨመር ይጀምራል፤ ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚጠራቀመው ስብ ከስኳርና ከልብ በሽታ ጋር ይበልጥ የተቆራኘ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.5 ቢሊዮን አዋቂዎች ከመጠን ያለፈ ክብደት እንደነበራቸውና ከእነዚህም 890 ሚሊዮን የሚሆኑት የውፍረት ደረጃ ላይ እንደነበሩ ድርጅቱ ገልጿል። «ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው» የምንል እንኖር ይሆናል። የአገራችን መረጃ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ የኢትዮጵያ ሴቶች ከ100 ውስጥ 22ቱ ክብደታቸው ከሚገባው በታች ነበር፤ 8ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ። አዲስ አበባ ላይ ግን ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነው ከ100 ሴቶች 29ኙ ነበሩ። በአንድ አገር ውስጥ፣ በተመሳሳይ ዓመት፣ ይህን ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው።

የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ በአዲስ አበባ ነዋሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከወንዶች 31.5 በመቶ፣ ከሴቶች 28.9 በመቶ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ ማለት ነው። ግፊትም ሆነ ስኳር ለዓመታት ሳይታወቅ በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው አባወራው በስትሮክ ሲወድቅ ወይም እናት ዓይኗ ሲደክምና እግሯ ሲቆስል ነው።

ሰፈሩ ነው ወይስ ሰውዬው?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። አንድ ሰፈር ውስጥ ወፍራም ሰው ቢበዛ ሰፈሩ ነው ያወፈራቸው ወይስ ተመሳሳይ ኑሮና ልማድ ያላቸው ሰዎች ናቸው አንድ ሰፈር የተሰባሰቡት? ይህን ለመለየት አስቸጋሪ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን መልስ ለማግኘት የሚረዳ አንድ ትልቅ ሙከራ ተደርጓል።

እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ድህነት በበዛባቸው ሰፈሮች በመንግሥት ቤት የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በዕጣ ተለዩ። ለአንዱ ወገን ድህነት ወዳልበዛበት ሰፈር የሚዛወርበት የኪራይ ድጋፍ ተሰጠው፤ ሌላው ወገን ይህን ዕድል አላገኘም። የለያቸው ዕጣ ብቻ ስለሆነ በኋላ የታየው ልዩነት በሰዎቹ ባሕርይ ሊመካኝ አይችልም። ከ10 እስከ 15 ዓመት ካለፈ በኋላ ሴቶቹ ሲመዘኑና ደማቸው ሲመረመር፣ የመዛወር ዕድል ባገኙት ዘንድ ከባድ ውፍረትና ስኳር በሽታ እያንዳንዳቸው ከ4 የመቶኛ ነጥብ በላይ አንሰው ተገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ማንም ስለ አመጋገብ አላስተማራቸውም፣ ማንም «ስፖርት ሥሩ» አላላቸውም። የተለወጠው ሰፈራቸው ነው።

ጥናቱ የትኛው የሰፈር ገጽታ ለውጡን እንዳመጣ ለይቶ አላስቀመጠም። አሜሪካና ኢትዮጵያም አንድ አይደሉም። እዚያ ውፍረት በድሆች ሰፈር ይበዛል፤ እኛ ዘንድ እስካሁን በብዛት የሚታየው የተሻለ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ላይ ነው። ነገር ግን ከተሞች በፍጥነት ባደጉባቸው ብዙ አገሮች የታየው ነገር ውፍረቱ ቀስ በቀስ ወደ ዝቅተኛው የኅብረተሰብ ክፍል መውረዱ ነው፤ ርካሹ ምግብ ስኳር፣ ነጭ ዱቄትና ዘይት እየሆነ ሲሄድ። ወደ ከተማ ዳርቻ በብዛት እየተዛወርን ባለንበት በዚህ ጊዜ ይህን ቀድሞ ማሰቡ የሚጠቅመው እኛኑ ነው።

መንገዱና እግራችን

አቃቂ የኢንዱስትሪ አካባቢ የሆነው ዛሬ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በአቃቂ በኩል ነው ያለፈው፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና መለዋወጫ ፋብሪካዎችም በዚሁ መስመር ተተከሉ። በቆዩት ሰፈሮች ሠራተኛው ከቤቱ ወደ ፋብሪካው በእግሩ ይሄድ ነበር። ገበያውም፣ መስጂዱም፣ ትምህርት ቤቱም በእግር የሚደረስባቸው ነበሩ። ማንም «ስፖርት» ብሎ ሳይጠራው ሰው በቀን ለረጅም ጊዜ ይራመድ ነበር።

አዲሶቹ ሰፈሮች የተሠሩት በሌላ አኳኋን ነው። በገላን፣ በቱሉ ዲምቱና በዚያው አቅጣጫ በኮዬ ፈጬ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮንዶሚኒየሞች ተገንብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከካዛንቺስ የተነሱ ነዋሪዎችም ገላን ጉራ ወደሚባለው መንደር ገብተዋል። መሐል ከተማ ላይ ይኖር የነበረ ሰው ለዳቦ፣ ለሽንኩርት፣ ለጉልትም ሆነ ለሥራ በእግሩ ይወጣ ነበር። ከተማው ጫፍ ሲደርስ ቤቱ ሊሻሻል ይችላል፤ የራሱ ወጥ ቤትና መጸዳጃ አግኝቷል፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን መርካቶ ሱቅ ያለው ወይም ፒያሳ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው አሁን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቋል። የእግሩን ጉዞ ታክሲና አውቶቡስ ተክተውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም መጨረሻው ቃሊቲ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ሰው ሌላ ሰልፍ ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሰው ቅዳሜና እሑድ በሰፈሩ አይራመድም?» የሚል ሊኖር ይችላል። መራመድ ግን መንገድ ይፈልጋል። በቃሊቲና በአቃቂ የሚያልፈው የደብረ ዘይት መንገድ የአገሪቱ የወጪና ገቢ ዕቃ የሚመላለስበት ነው። የከባድ መኪናው ብዛት፣ ጭሱና አቧራው፣ በብዙ ቦታ የተቆራረጠው የእግረኛ መንገድ፣ ክዳን የሌለው ቱቦ፣ ምሽት ላይ መብራት የሌለው መተላለፊያ ሰውን ወደ ቤቱ ይመልሱታል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ እናት ልጇን «ከግቢ እንዳትወጣ» ብትል አትፈረድም።

አንድ የሚያስገርም ነገር እናንሳ። አቃቂ በተንጣለለው ሜዳዋ የተነሳ አትሌቶች ለልምምድ የሚመጡባት አካባቢ ናት። በክፍለ ከተማው የሚገኘው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታልም ስሙ ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችውን አትሌት ጥሩነሽ ዲባባን ያስታውሳል። የዓለም ሻምፒዮኖች የሚሮጡበት አካባቢ ነዋሪ ግማሽ ሰዓት የሚራመድበት አመቺ መንገድ ሊያጣ አይገባም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ በቂ ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት መቆም ያደክማል እንጂ ይህን አይተካም።

ሱቁና ማዕዳችን

ቀጥሎ ያለው ሱቅ ነው። አዲስ የተመሠረተ ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ የሚከፈተው ምንድን ነው? ብስኩት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ፓስታ፣ ዘይትና ስኳር የሚሸጥ ኪዮስክ፤ ከጎኑ ፓስቲ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና ድንች ጥብስ የሚጠበስበት ምጣድ፤ ትንሽ ቆይቶ ጫት ቤት። ጎመንና ቲማቲም፣ ሙዝና ብርቱካን ዘግይተው ይመጣሉ፤ ሲመጡም ከርቀት ስለሚጫኑ ይወደዳሉ፣ ቶሎም ይበላሻሉ። ለነጋዴው ብስኩት አይበሰብስበትም። ለገዢውም ገንዘቡ ሲያጥር ልጆቹን የሚያጠግብለት ዳቦና ማካሮኒ ነው። ጤፍ በተወደደ ቁጥር ይህ ይብሳል።

ውጤቱ በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ በተደረገ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ፣ በቀን የሚመከረውን አምስት ጊዜ አትክልትና ፍራፍሬ የማይበላው ከ100 አዋቂ ከ97 በላይ ነበር። የሚመከረው መጠን ቢያንስ 400 ግራም ነው።

አሁን ስለ ስኳር እናስላ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ይመዝናል። በቀን አምስት ጊዜ ሻይ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 40 ግራም ወሰደ ማለት ነው። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ሲጨምርበት 30 ግራም ገደማ ይደመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአብዛኛው አዋቂ ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 50 ግራም አካባቢ ነው፤ ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ዘይትም እንዲሁ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ ይህን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ ይጠይቃል። ቅዝቃዜ ሲነካው የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው ዓይነት ቅባት ነው።

አቃቂ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በወንዞቹ ዳርቻ ደግሞ ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ይለማል። ተመራማሪዎች በከተማዋ ወንዞች በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ከባድ ብረታ ብረቶችን እንዳገኙ ደጋግመው ጽፈዋል። ማጠብ አፈርንና ጀርምን ይቀንሳል፤ በሥሩ በኩል ወደ ቅጠሉ የገባውን ብረት ግን አያወጣም። ይህን ስንል «አትክልት ተዉ» ማለታችን አይደለም። ከየት እንደመጣ ጠይቆ መግዛት፣ የእሑድ ገበያን መጠቀም፣ በረንዳ ላይ በንጹሕ ውኃ በማዳበሪያ ከረጢት ጎመን ማብቀል ይቻላል። ሆኖም የሰፈራቸው ወንዝ የተበከለባቸው ሰዎች ጤናማ ምግብ ለመብላት ከሌላው ይልቅ እጥፍ ጥረት እንደሚጠበቅባቸው መካድ አይገባም።

ሰዓቱና እንቅልፋችን

ሰፈር ከምግብና ከመንገድ ሌላ ጊዜያችንንም ይወስዳል። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ መሐል ከተማ 2 ሰዓት ላይ ሥራ የሚገባ ሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መነሳት አለበት። ሱብሒን ሰግዶ ቁርስ ሳይቀምስ ሰልፍ ይይዛል። ቁርሱን መንገድ ላይ ፓስቲ በሻይ ያደርጋል። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደክሞት ሲገባ ከሁሉ የሚበልጠውን ገበታ የሚበላው ያኔ ነው፤ ከዚያም ይተኛል። በፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ደግሞ የመብልና የእንቅልፍ ሰዓቱ በየሳምንቱ ይገለባበጣል።

ይህ በሰውነት ላይ የሚያመጣው ነገር ይታወቃል። እንቅልፍ ሲያጥር ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ይጨምራል፤ ጥጋብን የሚናገረው ይቀንሳል። ሰውየው ጣፋጭና ቅባት ያለበትን ይመኛል። በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ክብደት የመጨመርና ለስኳር በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ሰው «ለምን ስፖርት አትሠራም?» ቢባል የሚመልሰው «መቼ?» ብሎ ነው፤ እውነቱንም ነው።

የእህቶቻችን ጉዳይ

በቁጥሩ ውስጥ ሴቶች ጎልተው መታየታቸውን አይተናል። ወንዱ ቢያንስ ሱብሒ፣ መግሪብና ዒሻ ላይ ወደ መስጂድ ይመላለሳል፤ ኳስ ሜዳም ቢኖር ወንዶች ልጆች ይጫወቱበታል። ሴቷስ? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውኃው ሲኖር ከቧንቧ ነው፣ ገበያው ቅርብ አይደለም፣ ግቢው መኪና ማቆሚያ ሆኗል። በሒጃቧና በጂልባቧ ሆና አውራ ጎዳና ዳር ሶምሶማ ብትሮጥ የሚሰነዘርባትን ቃል ታውቀዋለች። ስፖርት ቤት ሴቶች ብቻ የሚገቡበት ሰዓት ከሌለው አይመቻትም፤ ክፍያውም ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ወልዳ ከተነሳች በኋላ የጨመረችው ክብደት ሳይቀንስ ሁለተኛውና ሦስተኛው እርግዝና ይደርባታል። ያኔ «ራስሽን ጣልሽ» ማለት በደል ነው።

ረመዳንም ይህን ያሳያል። ጾሙ ሰውነትን የሚያሳርፍ፣ ነፍስን የሚገራ ነው። ነገር ግን ብዙ ቤት ውስጥ ሴቷ ከዐስር ጀምሮ ምጣድ ላይ ሳምቡሳ ስትጠብስ ትቆያለች፤ በኢፍጣር ሰዓት ሳምቡሳ፣ ጣፋጭ ጁስና ለስላሳ ተደራርበው ይቀርባሉ። ወሩ ሲያልቅ ክብደት ጨምረን የምንወጣ ጥቂቶች አይደለንም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የሆድን አንድ ሦስተኛ ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛ ለመጠጥ፣ አንድ ሦስተኛውን ለትንፋሽ እንድንተው ያስተማሩትን ሁላችንም እናውቃለን። ማወቁ ብቻውን ያልበቃን ማዕዱ የግል ሳይሆን የጋራ ስለሆነ ነው። ጎረቤት ሁሉ ሦስት ዓይነት የተጠበሰ ነገር ሲያቀርብ አንድ ቤት ብቻውን ሾርባና ቴምር ይዞ መቅረብ ይከብደዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሰፈር ድርሻ አለው ማለት ሰው ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። አላህ ሰውነታችንን በአማና ሰጥቶናል፤ ስለ ጤናችንም እንጠየቃለን። ልዩነቱ አንዱ ሰው ብቻውን የሚታገለውን ነገር ብዙዎች አብረው ሲይዙት መቅለሉ ነው። ስለዚህ ጥረቱን በሦስት ደረጃ ማየት ይጠቅማል።

በቤት ደረጃ፦ የሻዩን ስኳር በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ፤ ለስላሳን ለእንግዳና ለዒድ ብቻ ማድረግ፤ ዘይትን ከጠርሙሱ ሳይሆን በማንኪያ እየለኩ መጨመር፤ ምስርና ሽሮ፣ ባቄላና አተር የመሳሰሉ የእኛው ምግቦች ከማካሮኒ እንደሚሻሉ ማስታወስ፤ ደረጃ መውጣትን እንደ ጥቅም መቁጠር። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሊፍት ስለሌለው ያማርራል፤ ጉልበቱ ጤነኛ ከሆነ ግን ሰፈሩ በነጻ የሰጠው ስፖርት እርሱ ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድ፣ መንገዱ አደገኛ ካልሆነ፣ ሌላው ቀላል መላ ነው።

በጀመዓ ደረጃ፦ እዚህ ላይ ከሌላው የተሻለ ዕድል አለን። በቀን አምስት ጊዜ የምንገናኝበት ቦታ አለን። ወደ መስጂድ የሚወሰድ እያንዳንዱ እርምጃ ምንዳ እንዳለው ተምረናል፤ ስለዚህ ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችን ይዞ ከሱብሒ በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ አብሮ ግማሽ ሰዓት መራመድ ማንንም አያስቸግርም። በቡድን የሚሄድን ሰው ውሻም ሌባም አይደፍረውም። የመድረሳ አዳራሽ ወይም የመስጂድ ግቢ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ትምህርት በሌለበት ሰዓት፣ ለእህቶች እንቅስቃሴ ሊለቀቅ ይችላል። በየጀመዓው ሐኪሞችና ነርሶች አይጠፉም፤ በወር አንድ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ የደም ግፊትና የወገብ ልኬት ቢሠሩ የስንቱን ቤተሰብ አባወራ ከድንገተኛ ውድቀት ሊያተርፉ ይችላሉ። ለኒካሕም ሆነ ለሰደቃ ድግስ በለስላሳ ሣጥን ፋንታ ውኃ ማቅረብ አንድ ታዋቂ ሰው ከጀመረው ሌላው ይከተለዋል። ኢማሞቻችንም በኹጥባቸው ከረመዳን በፊት ስለ ኢፍጣር ማዕድ ቢያነሱ ሸክሙ ከአንድ ቤት ላይ ይነሳል።

ከጎረቤት ጋርም የምንጋራው ብዙ ነው። ቱቦው ክዳን ሲያጣ የሚወድቅበት ልጅ የማንም ሃይማኖት ተከታይ ሊሆን ይችላል። ከመንገድ ላይ ጎጂን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነው። በእድርና በብሎክ ኮሚቴ ተሰባስቦ የሰፈርን መተላለፊያ ማጽዳት፣ በሕንፃዎች መካከል ካለው ክፍት ቦታ ግማሹን ለልጆች መጫወቻ መከለል፣ የጋራ መገልገያ ሕንፃው ለነዋሪው አገልግሎት እንዲውል መነጋገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

በመንግሥት ደረጃ፦ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። እ.ኤ.አ. በ2018 «መንገድ ለሰው» በሚል መንገዶች ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነጻ ሲደረጉ ሕዝቡ ከነልጆቹ መውጣቱን አይተናል። በኮሪደር ልማቱ መሐል ከተማ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። በከተማዋ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ ናቸው። ስለዚህ መሐል ከተማ ላይ የታየው ነገር ከመሐል የተነሱት ሰዎች ወደሚኖሩበት ዳርቻም እንዲደርስ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ጥያቄው ተጨባጭ ቢሆን ይመረጣል፤ «ልማት ይምጣልን» ከማለት «ከዚህ ብሎክ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ይብራ፣ እዚህ ቦታ የእግረኛ ማቋረጫ ይሠራ፣ እዚህ ሳይት ላይ የእሑድ ገበያ ይከፈት» ብሎ ለወረዳ በጽሑፍ ማቅረብ መልስ የማግኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የወንዙ ብክለትም የወረዳ ብቻ ሳይሆን የከተማው ሁሉ ጉዳይ ነው።

መቼ እንመርመር?

ዕድሜያችን 40 ከሞላ፣ ወይም ከዚያ በፊትም ወገባችን ከላይ ከጠቀስነው ልክ ካለፈ፣ ከቤተሰባችን ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ካለ፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶብን ከነበረ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊትና ስኳር መለካት ይገባል። ለዚህ ሆስፒታል መሰለፍ የግድ አይደለም፤ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ይበቃል። ውኃ ጥም መብዛት፣ ሌሊት ደጋግሞ መሽናት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የማይድን ቁስል ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ያስፈልጋል። መድኃኒት የጀመረ ሰውም «ተሻለኝ» ብሎ በራሱ አያቋርጥ። ለመጾም የሚያስቡ የስኳር ሕሙማን ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ዲኑ ፈቃድ ሰጥቶታልና።

ጠቅለል ስናደርገው፣ ክብደት የአንድ ሰው ሆድና ፈቃድ ብቻ የሚወስነው ነገር አይደለም። መንገዱ፣ ሱቁ፣ ሰዓቱና የጎረቤቱ ማዕድ አብረው ይወስኑታል። ይህን ካወቅን የወፈረን ወንድም ወይም እህት ከማሸማቀቅ ይልቅ «ነገ ከሱብሒ በኋላ አብረን እንራመድ?» ብለን እንጠይቃለን። በሰፈራችሁ መስጂድ ወይም ብሎክ ይህን የጀመራችሁ ካላችሁ ተሞክሯችሁን ለሌሎች አካፍሉ፤ ያልጀመራችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተነጋገሩበት።

አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን፤ የታመሙትንም ያሽርልን። አሚን።